አሚን ያላለችው ልጅ

የመስጊዷ ሚናራ ዘመም ባለባት፣ ገበያዋ ሐሙስ በሚቆምባት አንዲት የቆየች ከተማ ሸህ ጡሃ የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ልጆችን ቁርኣን ያስቀራሉ። ትምህርቱ ሲያበቃ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ልጆቹም ጣራው እስኪነቀል «አሚን!» ይላሉ። ሌላው መምህር የሚቆጣበት ጩኸት ለእሳቸው ደስታቸው ነበር።

ረውዳ የምትባል ተማሪያቸው ግን ሰሞኑን ጨዋታ ትታለች፤ የቀራችውም እየጠፋት ነው። ሸሁ በዱዓቸው «ያ አላህ፣ ከዚያ ከክፉ በሽታ አርቀን» ሲሉ ከንፈሯን ግጥም ታደርጋለች። በማግስቱም እዚያው ላይ ዝም አለች። ሸሁ ሌሎቹን አሰናብተው አስቀሯት።

«ረውዱዬ፣ አሚን ማለቱን ምነው ተውሽው?»

አንገቷን ደፋች። «ለሰው አይነግሩብኝም?»

«አማና ነው፣ ልጄ፤ ከእኔ አይወጣም።»

«ኤች አይ ቪ እናቴ ላይ አለ። የእርስዎን ዱዓ ደግሞ አላህ ይሰማል። ከሷ ካራቀኝ መድኃኒቷን ማን ያስታውሳታል?»

ሸህ ጡሃ እንባቸው መጣ። ልጅቱ በዱዓቸው ያመነችውን ያህል እሳቸው ራሳቸው አምነውበት እንደሆነ እንጃ!

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሏት። «እናትና ልጅ የሚለይ ዱዓ የለም። መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች፣ በአላህ ፈቃድ አሳድጋ ትድርሻለች። አብሮ መብላት፣ መተቃቀፍ አያስይዝም፤ እቅፍ አድርጊያት። ያጠፋው የኔ ምላስ ነው።»

ጁምዓ ዕለት ከሶላት በኋላ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ሲጠብቅ፣ «ያ አላህ፣ የታመመውን አሽረው፤ እኛንም ከታመመው አታርቀን» አሉ። አሚን የሚል ጠፋ። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰልማን ተነሡ።

«ሸሆቹ፣ የአባቶቻችንን ዱዓ ምነው ቀየሩት? ከመካከላችን የታመመ አለ እንዴ?»

ሰው ዞር ዞር ብሎ ተያየ። ረውዳ ከልጆቹ መካከል ሆና ሸሁን ትኩር ብላ አየች።

«ተሳስቼ ነበር፣ ታረምኩ» አሉ ሸሁ። «ማን እንዳረመኝ አማና ነው። ሐጂ፣ ከበሽታ አርቀን እያልን ከሰው ስንርቅ ኖረናል።»

ዱዓውን ደገሙት። ሐጂ ሰልማን ጥቂት አመነቱና «አሚን» አሉ፤ መስጊዱ ተከተላቸው። ከልጆቹ ወገን የአንዷ ድምፅ ግን ከሁሉም በላይ ወጣ።

ወገኖቼ፣ እኛ በሽታውን የረገምን ሲመስለን፣ ልጁ የሚሰማው እናቱ ስትረገም ነው። መልካም ያልነው ቃል አጠገባችን የተቀመጠ ሕፃን ሆድ ውስጥ ምን ሆኖ እንደሚያድር አንጠይቅም። እጃችሁን ለዱዓ ስትዘረጉ እስቲ ልጆቹን ተመልከቱ፤ አሚን ያላለ ካለ ጠጋ ብላችሁ ጠይቁት።