ጅብን አባት ያለችው ደብሪቱ

«አባቴ የት በልተው ነው የሚመጡት?»

ይህችን ጥያቄ ደብሪቱ ለዓመታት ጉሮሮዋ ላይ ይዛት ኖረች። አልዋጠቻት፣ አልተፋቻት። ምግብ ስታቀርብ ትመጣባታለች፣ የእንግዳ እግር ስታጥብ ትመጣባታለች፤ ከከንፈሯ ግን አልፋ አታውቅም። ለምን ቢሉ፣ አባቷ ጅብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥንት፣ ሰውና አውሬ በአንድ ቋንቋ በሚጣሉበት ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አንድ አገር፣ እናትም አባትም የሌላት ደብሪቱ የምትባል ልጅ ነበረች። ያደገችው አጎቷ ቤት ነው። አንድ ቀን የአጎቷ ሚስት ቅል አስይዛ፣ «ማር ቆርጠሽ ካልመጣሽ ይህን ደጅ አትረግጪም!» ብላ ወደ ዱር ሰደደቻት። ደብሪቱ ከአሮጌ ግንድ ውስጥ ማሩን ቆረጠች፤ ንቡም እሷን ነደፋት። ፊቷ አብጦ፣ ቅሏን አቅፋ ስትመለስ አያ ጅቦ መንገዱ መሀል ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

«እንደምን ዋልሽ፣ ራቴ?» አላት።

ዛፍ ላይ የነበረችው እመት ጦጢት ይህን ታያለች። ደግ ሆና አይደለም፤ ማሩን አይታ ነው። «አንቺ ልጅ!» ብላ ቁልቁል ጮኸች። «ከማልቀስ አባት አታደርጊውም? ጣቱን ማር ነክረሽ ጥቢ! ምስክርሽ እኔ ነኝ!»

በዚያ አገር እንዲህ ያለ ሕግ ነበር። ታላቁ አውራ ጣቱን ማር ያስነክራል፣ ታናሹ በምስክር ፊት ይጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ የጡት አባትና የጡት ልጅ ናቸው፣ በሥጋ ከተወለደ አይለዩም። የጡት ልጁን የነካ መሬት አትቀበለውም ይባላል። ይህን ሰው ብቻ ሳይሆን አውሬም ይፈራው ነበር።

ደብሪቱ ለማሰብ ጊዜ አልነበራትም። የጅቡን ጣት አፈፍ አድርጋ ማሩ ውስጥ ነከረችና ጠባችው። «አባቴ!» አለች።

ጅቡ ክው ብሎ ቀረ። ከተወለደ ጀምሮ «ዞር በል! ድንጋይ አምጡ!» ከመባል በቀር ሌላ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ዕንባው ዱብ ዱብ አለ። «ልጄ» አላት፤ «ከእንግዲህ ካንቺና ከቤትሽ አንዲት ፀጉር አልነካም።» ጦጢትም ማሩን ከነቅሉ ይዛ ወደ ዛፏ ወጣች።

ከዚያማ ምን ይወራል! የአጎቷ ሚስት ጅቡን ከልጅቱ ኋላ ስታየው፣ ወንበር ስባ ደብሪቱን አስቀመጠችና እግሯን አጠበቻት። ጅብ የሚጠብቃት ልጅ ተብላ ወሬዋ አገር ለአገር ዞረ። የባላባቱ ልጅ ቸኮል ሽማግሌ ላከ። ዳስ ተጣለ፣ ከበሮ ተመታ፤ ጅቡም የሙሽራይቱ አባት ነውና ከአማቾቹ በላይ ተቀመጠ። ሌሎች ተራቾች እዚህ ላይ ሲደርሱ «በሰላም ኖሩ» ብለው ይነሳሉ። እኛ ግን ትንሽ ቁጭ እንበል። ሰርጉ አለቀ እንጂ ጅቡ አላለቀም።

አባት ልጁን ይጠይቃል፤ ወግ ነው። በዓል በመጣ ቁጥር አያ ጅቦ ጋቢውን ተከናንቦ ብቅ ይላል። ደጃፉ ላይ ቆም ብሎ አፉን ይጠርጋል። ደብሪቱም የበግ ጭን ታቀርብለታለች።

«ይብሉ እንጂ አባቴ።»

«በልቼ ነው ልጄ፣ አትድከሚ።»

«ትንሽ እንኳ፣ በሞቴ!»

«እስከዚህ ነው» ይላታል፣ ማንቁርቱን እየነካ። ከዚያ የልጅ ልጁን ስንዱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያስቃታል። እናንተዬ፣ የበግ ሥጋ ቀርቦለት እንቢ የሚል ጅብ ማን አይቶ ያውቃል? ደብሪቱም አላየችም። ግን አልጠየቀችም።

አንድ ዓመት ከወንዝ ማዶ የሚመጣ የጨው ነጋዴ መንገድ ላይ ቀረ። «ነብር ይሆናል» አለች ደብሪቱ። ሌላ ዓመት ዓይነ ስውሩ አዛውንት ከገበያ ሳይመለሱ ቀሩ። «ገደል ገብተው ይሆናል» አለች። የመንደሩ ሰውም «ይሆናል፣ እመቤቴ» እያለ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ እየነሳት ያልፋል። እሷ ይህ ሁሉ ፍቅር መሰላት።

የአጥር ጎረቤቷ የሽመቤት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ያላት አንዲት ልጅ ናት፤ አንገቷ ላይ ዶቃ የምታስር፣ ስመኝ ትባላለች። ስመኝና ስንዱ ቀኑን ሙሉ ከአጥሩ ሥር ጠጠር እያነሱ ሲጫወቱ፣ አንዷ ስታታልል ሌላዋ ስትጮህ ይውላሉ። በበዓሉ ዋዜማ ስመኝ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። እንስራዋ ወንዙ ዳር ቆሞ ተገኘ። እሷ አልተገኘችም።

በማግስቱ አያ ጅቦ መጣ። ደጃፉ ላይ አፉን ጠረገ። «በልቼ ነው ልጄ፣ አትድከሚ» አለ። ስንዱ እንደ ልማዷ ጭኑ ላይ ወጥታ ጢሙን ስትጎትት ድንገት ቀጥ አለች።

«እማዬ» አለች። «አያቴ ጥርስ ውስጥ የስመኝ ዶቃ አለ።»

ደብሪቱ ልጇን ከጭኑ ላይ አነሳቻትና ወደ ጓዳ ሰደደቻት። ከዚያ ያቺ የኖረች ጥያቄ ወጣች።

«አባቴ፣ የት በልተው ነው የሚመጡት?»

ጅቡ ገረመው። ምንም ተንኮል የለበትም፣ እንደ ልጅ ነው የገረመው። «እዚሁ ነዋ! ከሰፈርሽ።»

«ከሰፈሬ?»

«ሌላ አገር ብሄድማ በጦር ይቀበሉኛል። እዚህ ማን ይነካኛል? የደብሪቱን አባት የገደለ ከቸኮል ቤት ጋር ደም ይቃባል። ስምሽ ጋሻዬ ነው ልጄ። ዕድሜ ይስጥሽ።»

«ስመኝ የስንዱ ጓደኛ ነበረች!»

«ጓደኛ ዘመድ አይደለም» አለ ጅቡ፣ ዶቃውን በምላሱ እያወጣ። «የማልኩልሽን አጉድዬ አውቃለሁ? ከቤትሽ አንዲት ፀጉር ነካሁ?»

እውነቱን ነው። አልነካም።

ደብሪቱ ነጠላዋን ደርባ ወደ ዱር ሮጠች። ጦጢት አርጅታለች፤ ፊቷ ሸብቷል፣ ሆዷ ግን ሞልቷል።

«ማሰሪያውን ነግረሽኛል፤ መፍቻውን ንገሪኝ።»

«የጠቡት ይተፋል እንዴ?» አለች ጦጢት። «ደግሞስ ምን ጎደለሽ? ቤትሽ ሙሉ፣ ልጅሽ ደህና። ስንቷ ሴት እንዲህ ያለ አባት በኖረኝ ትላለች!»

«የሽመቤት አትልም።»

«እሷማ ቀድማ አላሰበችበትም» አለች ጦጢት፤ ቅርንጫፍ ቀይራ ሄደች።

ከዚያ ደብሪቱ ዋርካው ሥር ወደ ተቀመጡት ሽማግሌዎች ሄደች። ስትመጣ ሲያዩ ሁሉም ተነሱ።

«ተቀመጡ» አለች። «ጅቡን ለምን አትገድሉትም?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አባ ዘርጋው የሚባሉት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እመቤቴ፣ ዘመድዎ አይደለም እንዴ? ዛሬ ብንገድለው ነገ ደሙ ይጠየቃል። ባልዎ ቢተወው ወንድሙ አይተወውም። በአንድ ጅብ ስንት ሰው ይለቅ?»

«መንገድ የለውም?»

«አንድ መንገድ አለው። የመጀመሪያውን ጦር ወገኑ ከወረወረ ደሙ ይደርቃል። ወገን የጣለውን ማንም አይጠይቅም።»

«እኔ ወገኑ ነኝ።»

«ነሽ» አሉ አባ ዘርጋው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አሏት። «ግን አባቱን የወጋ ከሰው ማዕድ አይቀርብም፤ ከአገር ይወጣል። ባልሽን ታጫለሽ። ልጅሽን ስመሽ አትጠግቢያትም። ሕጉ የጅብ አባት ነው ብሎ አይለይም። አስቢበት።»

ቸኮል ይህን ሲሰማ እጇን ያዘ። «አንቺ ሴት፣ ተይው! ሰው የራሱን ልጅ ካተረፈ ምን ቀረው? ያንቺ ቤት ነው የሚፈርሰው!» ለመነ፣ ተቆጣ፣ አለቀሰ። ደብሪቱም ሰማችው። ቤቷን ዙሪያውን አየች፤ የተለሰነውን ግድግዳ፣ ምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን የስንዱን ቀሚስ። አንድ ሐሳብ «ዝም በይ፣ ያልፋል» አላት። ዝም ልትልም ነበር።

በዚህ መሀል ደጁ ተንኳኳ። የሽመቤት ነበረች። ዓይኖቿ በልቅሶ ተደፍነዋል፣ ማቅ ለብሳለች፤ በእጇ አንድ እንቅብ ቆሎ ይዛለች።

«እንኳን አደረሰዎ፣ እመቤቴ» አለች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። «ትናንት ሳልመጣ ቀረሁ... ልጅቷን ስፈልግ ነው። እንዳይቀየሙኝ። አባትዎ ደህና ናቸው?»

ደብሪቱ እንቅቡን ተቀበለቻት። እንቅቡ ከእጇ አመለጠና ቆሎው መሬት ላይ ፈሰሰ። የሽመቤት ደንግጣ ልትለቅም ተንበረከከች።

«ተነሺ» አለች ደብሪቱ። «በናትሽ ተነሺ! ለእኔ አትንበርከኪ። የባልሽ ጦር የት ነው ያለው?»

«ቆጥ ላይ ነው። ምነው?»

«አውሺኝ።»

በሚቀጥለው በዓል ጠዋት የስንዱን ፀጉር ቁጭ ብላ ሠራችላት፤ ቀስ ብላ፣ አንዱንም ዘለላ ሳታጠብቅ። ግንባሯን ሳመቻት። ለቸኮል «አደራ» ብቻ አለችው። አባቷ ሲመጣ ቤት ውስጥ አልጠበቀችውም። ሽማግሌዎቹ በሚያዩዋት ሜዳ ላይ ወጥታ ቆመች።

ጅቡ ከሩቅ ሲያያት ጥርሱ በደስታ ተገለጠ። «ልጄ! ልትቀበይኝ ወጣሽ?»

«አዎን፣ አባቴ።»

ጦሩን አየው። አልሸሸም። እጆቹን ዘርግቶ እየሳቀ መጣ፤ ልጅ አባቷን ትወጋለች ብሎ በጭራሽ አላሰበምና። ደብሪቱ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ እሱ የወደዳት ሌላ ሰው እንደሌለ ታውቃለች። እያወቀች ወረወረች።

ከዋርካው ሥር የቆሙት ሰዎች ጦር ሁሉ ተከተለ።

ጅቡ ሲወድቅ መንደሩ እልል አለ፤ እሷ ግን አብራ አላለችም። ሬሳውን በጋቢው ሸፈነችው። ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ፣ ማንም ሂጂ ሳይላት፣ የወንዙን መሻገሪያ ይዛ ከአገር ወጣች።

የእኔ ተረት እግሩ እስከዚህ ነው፤ የቀረውን መንገድ እሷ ትሂድበት። የዚያ አገር ሰዎች ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲህ ይላሉ፦

ጅብን አባት ብሎ ቢድን አንድ ሰው፣ ጎረቤቱ ነው የሚያለቅሰው።