አውራ ጣት የምታክል ኮራል

አንድ ሰው ነበር። እውነተኛ ስሙን አልነግራችሁም፤ ለዛሬ አንዳርጌ እንበለው። የሚኖረው ድሬዳዋ ነው። ይህ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ነበረው። ትስቃላችሁ? ባሕር ነው ያልኩት! ትልቅ የመስታወት ገንዳ፣ ውስጡ ትናንሽ ዓሦች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮራል። ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ይመስላል፤ ግን ነፍስ አለው። ይበላል፣ ያድጋል፣ ቅርንጫፍ ያወጣል። ይሞታልም።

ኮራል በቧንቧ ውሃ አይኖርም፤ የባሕር ፍጡር ነውና ጨው ይፈልጋል። አንዳርጌም ለዚሁ የተዘጋጀ ጨው እየገዛ፣ በተጣራ ውሃ እየበጠበጠ፣ እየለካ፣ አንዲት ሐምራዊ ኮራል አራት ዓመት አሳደገ። ባለቤቱ እልፍነሽ፣ "እኔ ሲያተኩሰኝ እንኳ እንዲህ አትለካኝም" ትለው ነበር። እውነቷን ነው!

ጎረቤቱ ሽብሩ ይህን አይቶ ልቡ ተሰረቀ፤ እሱም ገንዳ ገዛ። ያን ጊዜ አንዳርጌ ደግ ነበር። ከሐምራዊዋ ኮራል አውራ ጣት የምታክል ቅርንጫፍ ቆረጠና፣ "እንካ፣ ያንተም ቤት ይመርበት" ብሎ ሰጠው። ኮራል እንዲህ ነው፤ ተቆርጦ ይሰጣል። የተቆረጠው ያድጋል፣ የሰጠውም አይጎድልበትም።

እስቲ ንገሩኝ፣ ስንሰጥ ደስ የሚለን እስከ መቼ ነው? የሰጠነው ሰው እስኪበልጠን ድረስ አይደለም?

ሁለት ዓመት አለፈ። አንድ እሑድ አንዳርጌ ሽብሩ ቤት ጎራ አለ። ያቺ አውራ ጣት የምታክለው ኮራል በቁመት እናቷን ልትደርስባት ምንም አልቀራትም፤ በውበት ግን ጥላት ሄዳለች። አንዳርጌ "ምን አድርገህላት ነው?" ሊል አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው። እንዴት ይጠይቅ? አስተማሪው እሱ አልነበረም? ከአንገት በላይ ፈገግ ብሎ፣ "ደህና ናት" አለ።

ደህና ናት! ሆዱ ግን አረረ። ቤቱ ገብቶ የራሱን ኮራል ሲያያት ጠላት። አራት ዓመት፣ አምስት ዓመት፣ ስድስት ዓመት ዓይኑን ያልነቀለባት ኮራል፣ ትናንት ደስታው የነበረችው፣ ምንም ሳትጎድል ዛሬ አስጠላችው። ቅናት የሰውን ብቻ አይደለም የሚያሳየን፤ የራሳችንን ያረክስብናል።

ከዚያ ወዲያ አንዳርጌ ወደ ሽብሩ ግቢ እያጮለቀ ከአጥሩ ሥር አልጠፋም። አንድ ጠዋት ታዲያ ምስጢሩን አገኘሁ አለ። ኢድሪስ የሚባል የጅቡቲ መስመር ሾፌር መኪናውን ሽብሩ በር ላይ አቁሞ ሰማያዊ ጀሪካኖች ሲያወርድ አየ። ምን ይመስላችኋል? የባሕር ውሃ! ከወደቡ ርቆ፣ በጀልባ ተሂዶ፣ ከንጹሑ የተቀዳ እውነተኛ የባሕር ውሃ!

"ለካ እንዲህ ነው!" አለ አንዳርጌ። "እኔ ጨው ስበጠብጥ እሱ ባሕሩን ራሱን ያስጭናል! ምነው ያን ቀን ከመስጠቴ በፊት እጄን በቆረጠው!"

እልፍነሽ ሰማችው። "አንተ ሰው፣ ሂድና ጠይቀው። ሽብሩ እኮ ነው፣ ይነግርሃል።"

"እኔ ሽብሩን? ሞቼ ነው?"

"ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ሲባል አልሰማህም?"

"ደጃዝማችነቱ ይቅርብኝ!"

ቀረበት። ኢድሪስን ለብቻው አገኘውና፣ "ለሽብሩ የምታመጣውን ውሃ፣ ያንኑ፣ ከዚያው ቦታ አምጣልኝ። ለእሱ ግን ትንፍሽ እንዳትል" አለው። ኢድሪስ ታማኝ ሰው ነው፤ ያንኑ ውሃ ከዚያው ቦታ አመጣለት። አንዳርጌ ጀሪካኖቹ ከመንገዱ ሙቀት ሳይበርዱ የገንዳውን ግማሽ ውሃ ቀዳና የባሕሩን ሞላበት። ወንበር ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። "አሁን እንተያያለን" አለ።

በማግስቱ ውሃው ደፈረሰ። በሦስተኛው ቀን ሸተተ። ዓሦቹ ወደ ላይ መጥተው አፋቸውን እየከፈቱ አለቁ። ሐምራዊዋ ኮራል ሥጋዋ ተልጦ ረገፈ፤ ነጭ አጥንቷ ብቻ ቀረ። ስድስት ዓመት! አንዳርጌ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አልቅሶ ሲያበቃ ወዴት ሄደ? ወደ ሽብሩ! ሊጠይቅ መሰላችሁ? ሊጣላ ነው እንጂ። "ሾፌሩን መክረህ የተበላሸ ውሃ አስመጣህብኝ!" ብሎ ከደጁ ጮኸ።

ሽብሩ ግራ ገባው። ነገሩ ቀስ ብሎ ሲገባው ግን ራሱን ያዘ። "ውይ አንዳርጌ! እንደመጣ ጨመርከው?" አለና እጁን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰደው። ጓዳው ጨለማ ነው። በርሜሎች ቆመዋል፤ በቀጭን ቱቦ አየር ይነፋባቸዋል።

"በባሕር ውሃ ውስጥ ዓይን የማያያቸው ነፍሳት አሉ" አለው። "በታሸገ ጀሪካን፣ በዚያ በረሃ ሲጓዙ ይሞታሉ፤ ይበሰብሳሉ። ስለዚህ ውሃው እዚህ ጨለማ ውስጥ ሦስት ሳምንትም ወርም ይቆያል። ቆሻሻው ሲዘቅጥ ከላይ ከላዩን አጥልዬ፣ ጨውና ሙቀቱን ለክቼ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው የምጨምረው። እኔም መጀመሪያ ዓሦቼን ፈጅቼ ነው የተማርኩት።"

"ታዲያ ምነው ሳትነግረኝ?"

"አልጠየቅከኝማ። ደግሞ አንተን የመሰለ አስተማሪ ይዤ ዓሣ ገደልኩ ማለት አሳፈረኝ።"

አንዳርጌ መሬት መሬት እያየ፣ "ይቅር በለኝ፤ ቀንቼብህ ነበር" አለ።

"አውቃለሁ" አለ ሽብሩ። "ስታጮልቅ እኮ ራስህ ከአጥሩ በላይ ይታይ ነበር።"

ወገኖቼ፣ አንዳርጌ በአጥር ያየው በበር የገባውን ጀሪካን ነው። ጓዳውን አላየም። እናንተስ የጎረቤታችሁን ጓዳ አይታችኋል? በእሑድ ልብሳቸው ተያይዘው ሲመጡ የምትቀኑባቸው ባልና ሚስት፣ እዚያ ለመድረስ ስንት ቀን ተኮራርፈው እንደዋሉ ታውቃላችሁ? የዚያች እህት ጸሎት ተሰማ ብላችሁ ስታጉረመርሙ፣ በጨለማ የጠበቀችውን ዘመን ማን ቆጠረላት? እኛ የምንፈልገው የሰውን ውሃ ዛሬውኑ ነው፤ መቆየቱን ለእሱ ትተን።

ታሪኩ ግን አላለቀም። ሽብሩ መቁረጫውን አነሣ። እጁን የራሱ ገንዳ ውስጥ ነከረና ከሐምራዊዋ ኮራል አውራ ጣት የምታክል ቅርንጫፍ ቆርጦ፣ በብርጭቆ አድርጎ፣ "እንካ፤ ያንተው ናት። ውሃዬንም አብረን እንካፈላለን" አለው።

አሁን መልሱልኝ። ከስድስት ዓመት ልፋቱ ለአንዳርጌ የተረፈለት በእጁ የያዘው ነው ወይስ የሰጠው? "ምነው እጄን በቆረጠው" ያለው ምኞት ቢደርስለት ኖሮ፣ ያን ቀን ምን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር?

እናንተ በቅናት ያረራችሁ፣ ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የዚያን ሰው በር አንኳኩ። "ቀንቼብህ ነበር" በሉት፤ አትሞቱም፣ ማንም በዚህ አልሞተም። ማን ያውቃል፣ እግዚአብሔር ያንተን ቅርንጫፍ ያስቀመጠልህ እሱ ቤት ይሆናል።