እትዬ ጎርናና መቀመጫ የሆነችበት ሰርግ

በዳዩ ባለሺህ ነው፤ ተበዳይዋ እትዬ ጎርናና። ኋላ ማን ማንን አስቀየመ ብላችሁ እንዳትጨቃጨቁ አስቀድሞ ይነገር።

ዕቃም አውሬም መብራትም እንደ ሰው ያወራ በነበረበት ዘመን አንድ ጊታር የሚጫወት ዝንጀሮ ነበር። ስሙ ቀጸላ ነው። የጊታሩን ድምፅ የምታጎላለት እትዬ ጎርናና የምትባል አምፕሊፋየር ነበረች። ማጉያዋም፣ ስፒከሯም፣ ማስተጋቢያዋም አንድ ሆዷ ውስጥ ነው። ፊቷ ላይ ሦስት ቁልፍ አላት፤ አንዱ ድምፅ ይጨምራል፣ አንዱ ያወፍራል፣ አንዱ ያቀጥናል። በቃ። ገመዱን ሲሰኩላት ትናገራለች፣ ሲነቅሉባት ዝም ትላለች። ስንቱ ሰው ይህን አይችልም።

አንድ ቀን ቀበሮ ከከተማ ባለሺህ የሚባል የጊታር ድምፅ መለዋወጫ ዕቃ ይዞ መጣ። ባለሺህ ጠፍጣፋ ነው፣ የሚያበራ መስታወት አለው፣ ሺህ ድምፅ አውቃለሁ ይላል። የራሱ አፍ ግን የለውም፤ የሚናገረው በተውሶ ስፒከር ነው። ቀጸላ ይህን መች አየ። መስታወቱ ውስጥ የገዛ ፊቱን አየና ወደደው። ዝንጀሮ የገዛ ፊቱን ከወደደ በኋላ ምን ይመከራል?

ባለሺህ ገና ከመግባቱ የእትዬ ጎርናናን ቦታ ጠየቀ። ሦስት ቁልፍ ብቻ ካላት አሮጊት ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ ለክብሬ አይመጥንም አለ። ቀጸላም አነሳትና በርጩማ አደረጋት። እሷ ላይ ተቀምጦ የባለሺህን መመሪያ ያነብ ጀመር። የዝንጀሮ መቀመጫ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ፀጉር እንኳ የለውም።

ሲብስባት፣ ገመድ ባይሰኩላትም፣ በሹክሹክታ ባለሺህን ለመነችው።

«ልጄ፣ አንተን ይሰማሃል። እስቲ ተነስ በልልኝ፤ ጀርባዬ ተሰበረ።»

ባለሺህ መስታወቱን ብልጭ አደረገ። «ጥያቄዎ ደርሶናል። እባክዎ ይጠብቁ።»

ጠበቀች። ክረምቱን ሙሉ ጠበቀች።

ክረምቱ ሲወጣ አያ ጅቦ ሴት ልጁን ዳረ። በአገሩ ደንብ የሙሽራው ወገን ሲመጣ የሙሽሪት ወገን በሩን ይዞ በዘፈን ይከለክላል። ዘፈን ሳይከለክለው የገባ ሙሽራ ልጅቷን ከመንገድ እንዳነሳት ይቆጠራል። አያ ጅቦ ቀጸላን ጠርቶ በቤቴ ደጃፍ ትጫወታለህ አለው። ባይጫወት ምን እንደሚሆን አልነገረውም፤ ታፋውን ብቻ አየት አደረገ።

በሰርጉ ቀን ቀጸላ ባለሺህን ከተውሶ ስፒከሩ ጋር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና እትዬ ጎርናና ላይ ቁጭ አለ። ሰርገኛው ከወንዙ ማዶ ብቅ አለ። ባለሺህ ተሰካ። በመነሳት ላይ ነኝ፣ እባክዎ ይጠብቁ አለ። ተነሳሁ ሲል መብራት ሄደች። መብራት ያኔም አመሏ ይኸው ነበር፤ የት ነው ቢሏት መልሷ «መጣሁ» ብቻ ነው።

መጣች። ሰርገኛው ወንዙን ተሻግሯል። ባለሺህ እንደገና ተነሳና ከሺሁ ድምፅ የትኛውን ልስጥህ አለ። ቀጸላ አንዱን ሲነካ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ሆነ፤ ሴቶቹ ያሰጡትን ለማንሳት ሮጡ። ሌላውን ሲነካ ጊታሩ ጉድጓድ እንደገባ በግ ከሩቅ አቃሰተ። ሦስተኛውን ሲፈልግ መብራት «መጣሁ» ብላ ሄደች።

ስትመለስ ሰርገኛው አጥሩ ጋ ደርሷል። ባለሺህ የሆነውን ሁሉ ረስቶ፣ አዲስ ነገር እየተማርኩ ነው፣ እባክዎ ይጠብቁ አለ። አያ ጅቦ መጥቶ ከቀጸላ ኋላ ቆመ።

«የተቀመጥክባት ምንድን ናት?»

«አሮጌ ማጉያ ናት፣ አያ። ሦስት ቁልፍ ብቻ ነው ያላት።»

«አንተስ ስንት ታፋ አለህ?»

«ሁለት፣ አያ።»

«ይበቃኛል» አለ አያ ጅቦ።

ቀጸላ ተስፈንጥሮ ተነሳ። ገመዱን ከባለሺህ ነቅሎ እትዬ ጎርናና ላይ ሰካው። እሷ ዝም ብትለው ታፋው የማን እንደሚሆን ታውቃለች። ክረምቱን ሙሉ የተሸከመችውን አሰበች። ከዚያ «እምምም» ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ጊታሩንም ለቀቀችው።

ሰርገኛው በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚዜዎቹ ሦስት ጊዜ ሊገቡ ሞክረው ሦስት ጊዜ በዘፈን ተመለሱ። አያ ጅቦ ልጁ እንደተከበረችለት አይቶ እንባውን ጠረገ። መብራት እንኳ ልትሄድ ተነስታ ዘፈኑ ይዟት ቀረች።

ቀጸላ ቆሞ መጫወት ሰለቸው። የሚቀመጥበት ፈልጎ ዞር ዞር ሲል ጠረጴዛው ላይ ጠፍጣፋ ነገር አየ። ወጣና ተቀመጠበት። ቀጭ አለ።

ከዚያ ፀጉር ከሌለው መቀመጫ ሥር መስታወቱ ብልጭ ብልጭ ሲል እንዲህ የሚል ተነበበ፦ «እትዬ፣ እርስዎን ይሰማዎታል። እባክዎን ተነስ ይበሉልኝ።»

እትዬ ጎርናና ዘፈኑ እስኪያልቅ አልመለሰችም። ሲያልቅ ሰርገኛው ገባ፤ ድንኳን ሙሉ ሰው እየሰማም፣ በዚያ ወፍራም ድምፅዋ እንዲህ አለችው፦

«ጥያቄዎ ደርሶናል። እባክዎ ይጠብቁ።»