ከቀበሮዋ ጉድጓድ አፍ ላይ የቆመው አዳኝ

ይህን ተረት ባለቤቴ ተድላ በሕይወት ሳለ ለልጆቻችን ያወራላቸው ነበር፤ ሳይጠፋኝ ልጻፈው። አጀማመሩ እንዲህ ነው፦ ጆሯችሁን አቅርቡ፣ ትንፋሻችሁን ያዙ!

በጓሳው ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮዎች በጥይት አለቁ። አንዲት እናት ብቻ ከሦስት ልጆቿ ጋር ቀረች። የፈለገችው ጉድጓዷ ገብታ ልጆቿን ማጥባት ነበር። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ግን አዳኙ ዘርጋው ጠመንጃውን ደግኖ ቆሟል።

ከድንጋይ ጀርባ ሆና፣ “ጋሼ ዘርጋው፣ ዞር ይበሉልኝ፤ ልጆቼ ተራቡ” አለችው።

“አልሄድም! ጠቦቴን ገደለችብኝ ብለው የላኩኝ እትዬ አጥናፌ ናቸው። እሳቸው ይጥሩኝ።”

ወደ እትዬ አጥናፌ ሮጠች። “እትዬ፣ አዳኙን ይጥሩልኝ፤ እሱ አልሄድም አለ፤ ልጆቼ ተራቡ።”

“ወይ ድፍረት! በበጎቼ መሀል ስትንጎራደጂ በዓይኔ አይቼሽ? በማግስቱ ጠቦቴን ሞቶ አገኘሁት። መንትያው እንዲተርፍልኝ በጌ ወተት ትስጥ፤ ያኔ እጠራዋለሁ።”

ወደ በጓ ሮጠች። “እናት በግ፣ ወተት ስጪ፤ እትዬ አልጠራም አሉ፤ አዳኙ አልሄድም አለ፤ ልጆቼ ተራቡ።”

“ከየት አምጥቼ? ጠቦቴን የገደለው የጡቴ መድረቅ ነው እንጂ አንቺ መች ነካሽው! ሳሩ ይብቀልና እሰጣለሁ።”

ወደ ሳሩ ሮጠች። “ሳሩ፣ ብቀል፤ በጓ ወተት የለኝም አለች፤ እትዬ አልጠራም አሉ፤ አዳኙ አልሄድም አለ፤ ልጆቼ ተራቡ።”

“ፍልፈል ሥሬን እየበላው እንዴት ልብቀል? እሱን አስተዪልኝ።”

እዚህ ላይ ተድላ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ልጆቹ እጁን ጥብቅ አድርገው ይይዙት ነበር። ትንሹ ቡችላ ራብ ጠንቶበት አፍንጫውን ከጉድጓዱ ብቅ አድርጓላ! ዘርጋው ጠመንጃውን አቀባበለ።

እናት ወደ ፍልፈሉ በረረች። “ፍልፈል፣ ሥሩን ተው! ሳሩ አልበቅልም አለ፤ በጓ ወተት የለኝም አለች፤ እትዬ አልጠራም አሉ፤ አዳኙ አልሄድም አለ፤ ልጆቼ ተራቡ!”

ፍልፈሉ ከት ብሎ ሳቀ። “ወገኖችሽ ሳይገደሉ ከጉድጓዴ ብቅ ማለት እንኳ እፈራ ነበር። ዛሬ ማንን ልፍራ? አንቺን ለማኟን?”

ቀበሮዋ ልመናዋን አቆመች። አንድ ጊዜ ዘላ አንቃ ያዘችው።

ይህን ያዩ ፍልፈሎች ሁሉ ሸሹ። ፍልፈል ሲሸሽ ሳሩ በቀለ፤ ሳሩ ሲበቅል በጓ ወተት ሰጠች፤ በጓ ወተት ስትሰጥ የተረፈው ጠቦት ጠባ፤ ጠቦቱ ሲጠባ፣ ፍልፈሉን በቀበሮዋ አፍ ያዩት እትዬ አጥናፌ ወደ ዳገቱ ጮኹ፦

“አንተ ዘርጋው! ተው፣ ተው! እኔ ነኝ የተሳሳትኩት! በበጎቼ መሀል የምትሄደው ፍልፈል ፍለጋ ኖሯል!”

ዘርጋው አፈሙዙን ወደ መሬት አዞረ። “ምነው እትዬ፣ የፊተኞቹን ሳልገድል በነገሩኝ” አለና ቁልቁል ወረደ።

እናት ገባች። ልጆቿን በአፍንጫዋ አንድ በአንድ ነካቻቸው፤ የሦስቱም ገላ ገና ሙቅ ነው።

ከእኔ ወጣ፣ ወደ እናንተ ገባ።