ሸህ ይመር ጎመን ታቅፈው የወጡበት ጁምዓ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የማወራላችሁን ሰው ባሰብኩ ቁጥር ዝም ብዬ መቀመጥ ያቅተኛል! ግንቧ ባረጀ፣ ስሟም በተረሳ በአንዲት የንግድ ከተማ ሸህ ይመር የሚባሉ ዓሊም ነበሩ። ጠዋት ለተማሪዎች ኪታብ ያቀራሉ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ዶማ ያነሳሉ። ለምን መሰላችሁ? ሰው ለሶላት ሲታጠብ ዉዱእ ያደረገበት ውሃ ከመስጊዱ እየወጣ መንገዱን ጭቃ አድርጎ ይቀር ነበር። ሸኹ ቦይ ቀደዱለት። ከመስጊዱ ደጅ እስከ ገበያው በር፣ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጎመን፣ ዱባ፣ ቃሪያ ተከሉ። አጥር የለው፣ ዘበኛ የለው! "የሁሉም ነው፤ የፈለገ ይቁረጥ" ብለው አስነገሩ። ሱብሓነላህ! ወፍ የቀመሰው እንኳ አጅር፣ የአላህ ምንዳ አለው እኮ።

ራሳቸው ግን አንዲት ቅጠል አልቀመሱም። "ለአላህ ብዬ የሰጠሁትን መልሼ አልጎርስም" ይሉ ነበር። ጎመኑ አብቦ ሲጠወልግ፣ ዱባው እዚያው ሲበሰብስ ሲያዩ ደግሞ "አልሐምዱ ሊላህ፣ አገሩ ጠግቧል" ብለው ደስ ይላቸዋል። እዚህ ላይ ነው የተሳሳቱት። ትልቅ ሰውም ይሳሳታል።

ከመንገዱ ማዶ ዘሀራ የምትባል፣ ባሏ የሞተባት፣ ፈትል ፈትላ የምታድር ሴት ነበረች። ልጇ ከወባ ገና ማገገሟ ነው። ቤት ውስጥ ግን ከቆሎ በቀር የሚቀመስ የለም። የሸኹ ባለቤት እትዬ ሐዋ ሊጠይቋት ገብተው ደነገጡ።

"አንቺ! ጎመኑ ደጅሽ ድረስ መጥቶልሽ?"

"እትዬ ሐዋ፣ ሸኹ የማይበሉትን እኔ ብቆርጥ ሰው ምን ይለኛል? የለማኝ ጎመን ነው የሚሉት። ልጄ ነገ የምትታጭ ናት፤ 'ከመንገድ ለቅማ ያሳደገቻት' አላስብላትም።"

እትዬ ሐዋ ቤት ሲገቡ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። "ለአላፊ አግዳሚ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው፣ ሲጠማው ከጉድጓዱ አይጠጣም እንዴ? የርስዎ አለመብላት ነው ልጅቷን ያስራባት!" አሏቸው ፊት ለፊት።

ሸኹም "እኔ እኮ ኢኽላስ፣ ለአላህ ብቻ ብሎ መሥራት መስሎኝ..." ብለው እንባቸው መጣ።

ጁምዓ ደረሰ። ሶላቱ አልቆ ጀመዓው ግልብጥ ብሎ ወጣ። በዚያ ከተማ የተከበረ ሰው ከገበያ የገዛውን እንኳ በዘምቢል ሸፍኖ ነው ቤቱ የሚያስገባው፤ ምሳው ምን እንደሆነ ገመናው ነው። ሸህ ይመር ታዲያ ጥምጣማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብስበው ጭቃው ላይ በርከክ አሉ። ጎመን ቀነጠሱ! አንድ እቅፍ ሙሉ! ሳይሸፍኑ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል! አንድ ባለሱቅ እየሮጠ ደረሰ።

"ሸኽዬ፣ ተቸገሩ እንዴ? እኛ ሞተናል? አሁኑኑ ቤትዎ አስልካለሁ!"

"አልተቸገርኩም። ምሳዬ ነው። ና፣ አንተም ቁረጥ።"

ባለሱቁ ወዲያ አየ፣ ወዲህ አየ፣ ጎንበስ አለ። ኢማሙ ዱባ አነሱ። ከዚያማ ማን ያቁመው! የ«አላሁ አክበር» ተክቢራው ቀለጠ፣ ሰው መንገዱ ዳር ተደረደረ። ዘሀራም በሯን ከፈተች። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ በጠራራ ፀሐይ መጥታ የልጇን ድርሻ ቆረጠች። ዞር ብሎ ያያት አልነበረም፤ ሁሉም እጁ ጎመን ላይ ነበር።

ኢማሙ ነገሩ ገርሟቸው ሲጠይቋቸው፣ ሸህ ይመር "ሰጪው አብሮ ካልበላ ተቀባዩ አንገቱን ይደፋል" አሉ። ሌላ አልጨመሩም።

እኛስ? በየአደባባያችን ዳር ጦሙን የሚያድር መሬት ሞልቷል። ተነሱ እንትከልበት፣ ዛሬውኑ! ግን አደራ፣ "ለድሃ ነው" ብለን ርቀን አንቁም። መጀመሪያ የቆረጥነው እኛው እንሁን፤ ሰው እያየን ይዘን እንግባ። የዘሀራ ልጅ ያን ዕለት ሁለቴ አስጨምራ በላች ይባላል።