ወንዙ ያልዋጠው ቃል

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

ምነው ድምፃችሁ ሰለለ? ወንዝ ማዶ ያለ ሰው እንዲሰማ አድርጋችሁ በሉ እንጂ።

«ተረት ተረት!»

«የመሠረት!»

እንዲህ ነው እንጂ። በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። የዛሬው ተረት ብዙ ሣቅ የለበትም፤ ቢሆንም ስሙት።

በድሮ ዘመን፣ ሁለት አገር የሚለይ አንድ ትልቅ ወንዝ ነበረ። ከወንዙ ወዲህ ሰው አማርኛ ይናገራል። ከወንዙ ወዲያ ኦሮምኛ ይናገራል። ከወዲህ ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት ነበረች፤ ከወዲያ ደግሞ ዲንቄ የምትባል። ሁለቱም ነጋዴዎች ነበሩና ገበያ አገናኛቸው። ከዚያም ተዋደዱ። አንዷ ስትወልድ ሌላዋ ገንፎ ታገነፋለች። አንዷ ስታዝን ሌላዋ ታለቅሳለች።

ያ ወንዝ ድልድይ አልነበረውም። በበጋ ሰው እስከ ወገቡ እየገባ ይሻገረዋል። ታዲያ የወንዙ ሰዎች አንድ ሥርዓት ነበራቸው። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ውኃውን አያይም። ካየ ራሱ ይዞርበታል። ራሱ ከዞረ እግሩ ይከዳዋል። ስለዚህ ቀድሞ የተሻገረው ሰው ዳር ላይ ይቆምና ይጣራል። የገባውም የጠሪውን ፊት ብቻ እያየ ይመጣል። ጠሪውም የሚጣራው በራሱ ቋንቋ አይደለም፤ ውኃ ውስጥ ባለው ሰው ቋንቋ ነው። የፈራ ሰው የሚሰማው የእናቱን ቋንቋ ነው ይሉ ነበር። እናም ማንጠግቦሽ ለዲንቄ «ጀባዹ!» ትላታለች፤ በርቺ ማለት ነው። ዲንቄም ለማንጠግቦሽ «አይዞሽ!» ትላታለች።

ዲንቄ ትስቅና፦ «ማንጤ፣ ጀባዹ ስትዪ እኮ የታነቀች ፍየል ትመስያለሽ» ትላለች።

ማንጠግቦሽም፦ «አንቺስ? አይዞሽ ስትዪ የምትሳደቢ ነው የሚመስለው» ትላታለች።

አንድ ቀን ከወዲያ ገበያ ውለው ተመለሱ። ማንጠግቦሽ ልጇን ልትድር ነበርና ለኩታ የሚሆን ጥጥ ገዝታለች። ዲንቄም ጡት የጣለች ልጇን ለአማቷ ትታ፣ የሠርጉን ሥራ ልታግዝ አብራት መጣች። ማንጠግቦሽ ጥጧን ተሸክማ ቀድማ ተሻገረች። ጥጡን ድንጋይ ላይ አስቀመጠችና መጣራት ጀመረች። ዲንቄ ገባች። መሀል ስትደርስ የጥጡ ጥቅል ከድንጋዩ ላይ ወደ ውኃው ተንከባለለ። ማንጠግቦሽ ዝም አለችና ጎንበስ አለች። ጥጡንም ያዘች። ዲንቄ ድምፅ ስታጣ፣ ፊትም ስታጣ፣ ውኃውን አየች። ማንጠግቦሽ ቀና ስትል ዲንቄ የለችም።

እግዜር አልጨከነም። ከታች ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ጎትተው አወጧት። ትንፋሿ ሲመለስ፦ «ማንጤ፣ ምነው? ድምፅሽ ጠፋብኝ» አለች።

ማንጠግቦሽ ወደ ታች አየች። ጥጡ በብብቷ ነበር። ከዚያም፦ «ጠርቼሽ ነበር። ወንዙ ድምፄን ዋጠው» አለች።

ዲንቄም አመነቻት።

ሠርጉ ተሠረገና አለፈ። ዲንቄ ወደ ቤቷ ልትመለስ ወደ ወንዙ ወረደች። እግሯን አስገባችና አወጣች። ከወዲያ ዳር አማቷ ልጅቷን አዝላ ቆማለች። ልጅቷ እናቷን ስታይ እጇን ዘረጋች።

አማትየው፦ «ጀባዹ! ነይ እንጂ! ይቺ ልጅ አንቺን እያለች እኔን በእንቅልፍ እጦት ልትቀብረኝ ነው!» ብላ ጮኸች።

ዲንቄ ግን፦ «መሀል ስደርስ ወንዙ ድምፁን ይውጠዋል። ብቻዬን እቀራለሁ» አለችና ተመለሰች። በማግስቱም ሞከረች፤ አልቻለችም። በሳምንቱም ሞከረች፤ አልቻለችም። ልጅቷም እጅ መዘርጋቷን ተወች። ሰማዩ መጥቆር ጀመረ። ክረምት ከገባ ያ ወንዝ እስከ መስከረም ሰው አያሳልፍም።

ማንጠግቦሽ እህል አልወርድ አላት። እውነቱን ብነግራት ትጠላኛለች ብላ ፈራች። ከዚያም፦ «ወንዝ የማይውጠው፣ ከእኔ ቃል የበረታ ቃል አንድ ቦታ ይኖራል» አለችና ፍለጋ ወጣች።

መንገድ ላይ አንድ የትግራይ ጨው ነጋዴ አገኘችና፦ «አባቴ፣ በእናንተ አገር ወዳጅ ሲፈራ ምን ትሉታላችሁ?» አለችው።

እሱም፦ «ሴት ናት ወንድ?» አላት።

«ሴት ናት።»

«እንግዲያው ኣጆኺ ነው። በረሃ ላይ ሰው ሲዝል የምንባባላት ይህችው ናት።»

«ወንዝ አይውጣትም?»

ሰውየው ሣቀና፦ «እኔ በምሄድበት በረሃ ወንዝ የት አለና እህቴ! እኛን የሚውጠን ጥም ነው» አላት።

ከዚያም አንድ ሽማግሌ ቄስ ዘንድ ሄደች። ቄሱም፦ «ኢትፍርሂ በያት ልጄ። አትፍሪ ማለት ነው፤ በግዕዝ። መልአኩ እመቤታችንን ያጸናባት ቃል ናት» አሏት።

ማንጠግቦሽ ቃሎቹን ይዛ እየሮጠች ተመለሰችና ለዲንቄ ነገረቻት። ዲንቄም ቃሎቹን ደጋግማ አለቻቸው። ወደደቻቸውም። ከዚያም እንዲህ አለች፦ «ደግ ቃሎች ናቸው። ግን ማንጤ፣ የጎደለው ቃል አይደለም። ያን ቀንስ ጀባዹ ብለሽኝ አልነበር? አንቺ እየጮኽሽ ካልሰማሁሽ፣ መልአክ ቢጠራኝስ በምን እሰማለሁ?»

ማንጠግቦሽ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

«አልጠራሁሽም» አለች።

«ምን?»

«ወንዙ ምንም አልዋጠም። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጥጡ ተንከባለለና ጥጡን ያዝኩ።»

«ጥጡን?»

«ጥጡን።»

ዲንቄ እጆቿን አየች። ከዚያም፦ «ያንን ጥጥ እኮ እኔ ነኝ የፈተልኩት። ከውኃው ወጥቼ ከታመምኩበት ስነሣ፣ ለልጅሽ ብዬ» አለች።

«አዎ» አለች ማንጠግቦሽ።

ዲንቄ አልተሳደበችም። ተነሣችና ነጠላዋን አገልድማ ወደ ወንዙ ወረደች። ማንጠግቦሽም ተከተለቻት። ውኃው ዳር ሲደርሱ ዲንቄ፦ «ቅደሚና ግቢ» አለቻት። «ፊትሽን ወደ እኔ አድርጊና ወደ ኋላ ተራመጂ። ከእንግዲህ ዳር ቆመሽ አትጠሪኝም። ዓይንሽን ከእኔ ካነሣሽ ውኃው ሁለታችንንም ይወስደናል።»

እንዲህ አድርጎ የተሻገረ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም። ማንጠግቦሽ ገባች። የምትረግጠውን አታይም። «ጀባዹ!» አለች። ዲንቄ አንድ እግሯን አስገባች። «ጀባዹ!» አለች። ዲንቄ ሁለተኛውን አስገባች። ውኃው ወገባቸው ደረሰ። ድንጋይ አዳለጣትና ማንጠግቦሽ ተንገዳገደች፤ ዓይኗን ግን አላነሣችም። «ኣጆኺ! ኢትፍርሂ! ጀባዹ ዲንቄዬ!» እያለች ድምፅዋ ሻከረ። አንዲትም ቃል አልጠፋችም። ወንዙ መዋጥ አያውቅም ነበርና ዲንቄ ሁሉንም ሰማች።

ከዚያም የማንጠግቦሽ ጀርባ ከዳሩ አፈር ጋር ተላተመ። ወጡ።

አማትየው ልጅቷን አዝላ ወደ ዳሩ ሮጠች። ልጅቷ መጀመሪያ እናቷን አላወቀቻትም። ኋላ ግን በጠረኗ አወቀቻትና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። አማትየው አለቀሰች። ማንጠግቦሽ ውኃ እያንጠባጠበች ጥግ ላይ ቆመች። ነይ ግቢ ያላት የለም።

ከላይ አገር ነጎድጓድ ተሰማ። ውኃው መደፍረስ ጀመረ። ዛሬ ካልተመለሰች እስከ መስከረም ከቤቷ መቅረቷ ነው። ከወዲህ ዳር ደግሞ የሚጠራት ሰው አልነበረም።

«ደኅና ሁኚ ዲንቄ» አለች። ዲንቄ አልመለሰችላትም።

ማንጠግቦሽ ብቻዋን ገባች። መሀል ስትደርስ የምታየው ፊት አጣችና ዓይኗ ወደ ውኃው ዘመመ። ራሷ ሊዞር ሲል ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«አይዞሽ!»

ከኋላ የሚጠራ ሰው በዚያ ወንዝ ታይቶ አይታወቅም። ማንጠግቦሽ አልዞረችም። ቀና አለችና ተራመደች።

«አይዞሽ! አይዞሽ!»

በድምፁ እየተገፋች ተሻገረችና ዞር አለች። ዲንቄ ልጇን አዝላ፣ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ ገብታ ቆማለች።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለቻትም። ያን ክረምትም አልተገናኙም። መስከረም ሲጠባ ምን እንደተባባሉ እኔም አልሰማሁም። ነገር ግን ያን ቀን፣ ማንጠግቦሽ ቀሚሷን ጨምቃ ዳገቱን እስክትወጣ ድረስ ዲንቄ ፊቷን አላዞረችም።

በሉ ልጆቼ፣ እኔም ተሻገርኩ። ተረቴን ተቀበሉኝ፤ ዳቦ ቆርሳችሁ አጉርሱኝ።