ከየቤቱ አንድ ዶሮ

በአንድ ወቅት፣ የዱር ዳክዬዎች በሚያርፉበት ሐይቅ ዳር፣ የሺመቤት የሚባሉ ባል የሞተባቸው ሴት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ቤቱ የሚተዳደረው በዶሮና በእንቁላል ነው። ጎረቤቶቻቸውም ዶሮ ያረባሉ፤ የአንዱ ዶሮ በሌላው አጥር ሥር እየሾለከ አብሮ ይለቅማል።

ትንሿን ልጅ አሰገደችን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሌዎች የሚመጡበት ቀን ደረሰ። በዚያው ጠዋት ሁለት ዶሮዎች ከቆጡ ሥር ሞተው ተገኙ። ለእንግዶቹ የተመረጠችው ሦስተኛዋ ደግሞ ፊቷ አብጦ አንገቷን ደፍታለች።

«ቶሎ ትታረድ» አሉ እናት። «ራሷ ከሞተች በክት ናት፣ ለማንም አትሆንም።»

በዚያ መንደር ሁሉም የሚያደርገው ይህንኑ ነበር። የታመመ ዶሮ ሳይሞት ይታረዳል።

ቢላዋው በታላቁ ልጅ በማንደፍሮ እጅ ነበር። በቤቱ ያለው ወንድ እሱ ብቻ ነው፤ ሴት ደግሞ አታርድም። ማንደፍሮ ስለ ወፍ ጉንፋን ሰምቷል። የታመመ ዶሮ ሲታረድ፣ ሲነጭና ሲበለት በሽታው ወደ ሰው ሊሻገር እንደሚችል ያውቃል። ቢላዋውን መልሶ ግድግዳው ላይ ሰካው።

«አላርድም።»

«ለእንግዶቹ ምን ላቅርብ?»

«ሽሮ።»

«ለእህትህ ሽማግሌዎች ሽሮ? ነገ በመንደሩ ምን እንደምባል ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ እማዬ።»

እናት ጎረቤታቸውን ደምለውን አስጠሩ። ማንደፍሮ በሩ ላይ ቆሞ አላሳልፍ አለ። ደምለው ዶሮዋንም ልጁንም አየና «ይሄ ልጅ ሊያገባት ነው እንዴ?» ብሎ እየሳቀ ተመለሰ። ዶሮዋ ሳትታረድ ሞተች።

መካከለኛዋ ልጅ ትርንጎ በዚህ መሀል ነጠላዋን አጣፍታ ወጥታለች። ከዶሮዎቹ ግማሾቹ ከጫጩትነታቸው ጀምሮ ያሳደገቻቸው የራሷ ነበሩ። ከተናገረች ሁሉም እንደሚወገዱ ጠፍቷት አይደለም። እናቷንም አላስፈቀደችም። በቀጥታ ሄዳ ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ነገረችው። ሐኪሙ በማግስቱ ጓንትና ጭምብል አድርጎ መጣ። የወፍ ጉንፋን መሆኑን ሲያረጋግጥ፣ የቤቱ ዶሮዎች ጤነኛ የሚመስሉት ሳይቀሩ ተገድለው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተቀበሩ፤ ኖራም ተነሰነሰባቸው። ጎረቤቶችም ዶሮዎቻቸውን ዘግተው እንዲያቆዩ ታዘዙ።

«ዝም ብትይ ምን ነበረበት?» አለቻት የደምለው ሚስት። «የገዛ እናትሽን ዶሮ ታስፈጂ?»

«የአንቺም ያልቁ ነበር» አለች ትርንጎ።

የታመመችውን ዶሮ ታቅፋ ውሃ ያጠጣቻት ደግሞ አሰገደች ነበረች። ዶሮዋ በሞተችበት ቀን ከሰዓት፣ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ራሷን አመማት፣ ተኮሳት፣ ያስላት ጀመር። እንደ ወጉ ወጥታ የእንግዶቹን ጉልበት መሳም ነበረባት። ሽማግሌ የላከውንም ልጅ ትወደዋለች። ነገር ግን የእህል ጎተራው ያለበት ጎጆ ገብታ በሩን ከውስጥ ቀረቀረች።

«አባቶቼ፣ ትኩሳት አለብኝ፤ የታመመ ዶሮም ታቅፌያለሁ። አልቀርባችሁም» አለች በግድግዳው በኩል።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ሰማችሁ? ስንት ቤት ሽማግሌ ሆኜ ሄጃለሁ፣ በዶሮ ስመለስ የመጀመሪያዬ ነው» አሉ። ሽሮውን ሳይቀምሱ ሄዱ። ልጁም ሌላ አገባ።

አሰገደች ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመረመር የያዛት የወፍ ጉንፋን ሳይሆን በየዓመቱ የሚመጣው ኢንፍሉዌንዛ ሆኖ ተገኘ። ሰዎች ሳቁ። ነርሷ ግን አልሳቀችም። «ያም ቢሆን አረጋውያንንና ሕፃናትን ሊገድል ይችላል» አለች።

የእንስሳት ሐኪሙ በኋላ መንደሩ ከበሽታው ነጻ ነው አለ። ከዚያ ቤት ውጭ አንድም ዶሮ አልሞተም፣ አንድም ሰው በወፍ ጉንፋን አልታመመም። ነዋሪዎቹም ከየቤቱ አንድ አንድ ዶሮ አዋጥተው ወደ የሺመቤት ግቢ አመጡ። እናት ዶሮዎቹን ሲያዩ አለቀሱ።

«እኔ ደክሞኛል» አሉ። «ከሦስቱ ለመንደሩ ይበልጥ ውለታ የዋለው ልጄ ይውሰዳቸውና ጎጆ ይውጣባቸው። ለሦስት ከተከፈሉ ማንንም አያቋቁሙም።»

ክርክሩ ያኔ ተጀመረ።

«ማንደፍሮ ባይከለክል የስንቱ እጅ በዚያ ደም ይነከር ነበር» አለ ደምለው ራሱ።

«አንዲት ዶሮ አላረደም እንጂ ምን አጣ?» አለች ሚስቱ። «የእኔን ዶሮዎች ያተረፈችልኝ ትርንጎ ናት።»

«እናቷን ሳታስፈቅድ?» አሉ አንዲት አሮጊት። «ለእኔስ አሰገደች። ባል ያጣችው እሷ ናት።»

«በሽታው እኮ ሌላ ሆነ እማማ» አላቸው አንድ ወጣት።

«እሷ በምን አውቃ?»

ሦስቱም ልጆች ዶሮዎቹን ይፈልጓቸዋል። ሰዉ ወደ እናት ዞረ።

«እኔ አልፈርድም» አሉ የሺመቤት። «ሦስቱንም ወልጃለሁ። እናንተ ፍረዱ።»

መሽቷል። ዶሮዎቹ እግራቸው እንደታሰረ ግቢው ውስጥ ይጮኻሉ፣ የሚፈታቸው ባለቤት አላገኙም። እናንተ እዚያ ብትሆኑ ለማን ትሰጡ ነበር?